የአራሚነትን ሥራ እንዴት እንደ ጀመርሁ

ሰው ሆኖ ሥራ የማያስፈልገው የለም፤ ሥራም ሁሉ በቅን ልቡና ከተያዘ የሚናቅ አይደለም። ይህን ምክር ከወላጆቻችንና ከመምህራኖቻችን ስንሰማው የኖርን ስለ ሆነ ለማንም አዲስ ነገር አይሆንም። ነገር ግን ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ «ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱና በየመንገዱ ይከተለዋል። ጓደኞቼ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን አብራሪ ብለው ሲመልሱ የጠያቂው ፊት በደስታ ይበራል። እኔ ግን «አራሚ ለመሆን አስባለሁ» ስል አብዛኛው ሰው «የምን አራሚ? የጤፍ ነው ወይስ የስንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ሳቁ ያለ ምክንያት አይደለም። በቋንቋችን እርሻ ማረምና ጽሑፍ ማረም አንድ ቃል ነው። ገበሬ ከሰብሉ መካከል አረሙን ነቅሎ እንደሚጥል ሁሉ አራሚም ከጽሑፉ መካከል ስሕተቱን ነቅሎ ይጥላል። ዛሬ ይህ ሥራ በወረቀት ከሚታተመው ይልቅ በኢንተርኔት በሚወጣው ጽሑፍ ላይ በዝቶ ይገኛል፤ ሠራተኛውንም አርታዒ ይሉታል። እኔ ግን ስለ አያቴ ስል «አራሚ» የሚለውን ስም እመርጣለሁ።

አያቴ በ1960ዎቹ ዓመታት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጽሑፍ ይታተም የነበረው ከእርሳስ የተሠሩ ፊደላት አንድ በአንድ እየተለቀሙ ነው። ዋናዎቹ የአማርኛ ፊደላት 33 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት መልክ ስላላቸው 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋና እንደ ጓ ያሉት ዲቃሎች ሲጨመሩ ደግሞ ቍጥሩ ከዚህ ያልፋል። ፊደል ለቃሚው ከዚህ ሁሉ መካከል ገን ሲፈልግ ጎን፣ ለን ሲፈልግ ሉን ቢያነሣ የሚያስደንቅ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ወረቀት ይታተማል፤ አያቴም ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቃል በቃል ያነብቡታል። ዛሬ ዐይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ጋዜጣ በእጃቸው ሲገባ የቀኝ እጃቸው ጣቶች የሌለ እስክሪብቶ እንደ ያዙ ሆነው ሲንቀሳቀሱ አያለሁ።

የእርሳሱ ፊደል ቀርቶ ኮምፒዩተር ሲመጣም ችግሩ ቶሎ አልተቃለለም። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደላቱን በራሱ ቍጥር ይመዘግባቸው ስለ ነበር በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ገብተው የየራሳቸውን ቍጥር ካገኙ በኋላ ግን በአዲስ አበባ የተጻፈው በዋሽንግተንም ሆነ በኢየሩሳሌም ሳይበላሽ የሚነበብበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬ ማንም ሰው በኪሱ በያዘው ስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጽፎ ለብዙ ሺሕ ሰው ማዳረስ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ጸሐፊው በዛ፤ አራሚው ግን አልበዛም።

እኔም ባለፈው ክረምት የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት እንደ ተፈጸመ፣ የእናቴ ወዳጅ የሆኑ አንዲት ሴት አራት ኪሎ አጠገብ ባላቸው አነስተኛ ጽሕፈት ቤት እንድለማመድ ፈቀዱልኝ። ጽሕፈት ቤቱ የሥራና የትምህርት ማስታወቂያ፣ የጤና ምክርና የከተማ ወሬ እያዘጋጀ በድረ ገጽና በቴሌግራም የሚያሰራጭ ሲሆን ሠራተኞቹ አራት ብቻ ናቸው። ደመወዝ አልተቈረጠልኝም፤ የታክሲና የምሳ ብቻ ይሰጠኝ ነበር። አዘጋጂዋን እንደ ቤታችን ልማድ «እትዬ» እላቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ ምንም ነገር እንዳልነካ ከለከሉኝ፤ ሥራዬ ማንበብ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን በብጣሽ ወረቀት ላይ «በሬው ይበላል» ብለው ጻፉና «ይህ ምን ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በሬው ሣር ይበላል ማለት ነዋ!» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ወይስ ለፋሲካ ታርዶ ይበላል?» አሉኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ጸሐፊው በልቡ ያሰበውን አንባቢው በዐይኑ ላያገኘው እንደሚችል ያን ቀን ተረዳሁ።

ቀጥዬም ስለ ሞክሼ ፊደላት ተማርሁ። በግዕዝ ሥርዓት ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ወይም ታየ ማለት ሲሆን፣ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ ነው። እንዲሁም ምሁር በሃሌታው ሀ የተማረ፣ ምሑር በሐመሩ ሐ ደግሞ ምሕረት ያገኘ ማለት ነው። በአማርኛ ንግግር ድምፁ አንድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ፈለገ ይጽፈዋል። በኢንተርኔት ዘመን ግን ሌላ ችግር ተጨምሯል፤ ኮምፒዩተር ሥዕልን፣ ስዕልንና ስእልን እንደ ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት አድርጎ ሊቈጥራቸው ስለሚችል፣ በአንዱ አጻጻፍ የተጻፈውን በሌላው የሚፈልግ ሰው ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጽሕፈት ቤት አንድ አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት ይገባዋል።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ላይ ስጽፍ ልቤ በኵራት ተሞላ። በየመንገዱ ላይ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ በሐሳቤ እያረምሁ እሄድ ጀመር። ታናሽ እኅቴ በወረቀት ላይ «ሰላም ነህ ወንድሜ» ብላ ብትጽፍልኝ የጥያቄ ምልክት አጕድለሻል ብዬ መለስሁላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን? የእኔም መፍሰስ ሩቅ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ረቡዕ ቀን እትዬ አንድ ማስታወቂያ ሰጡኝ። አንድ ድርጅት ለሴቶች የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሥልጠና በነፃ እንደሚሰጥና የምዝገባው መጨረሻ ዓርብ ከቀትር በፊት በ11 ሰዓት መሆኑን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ነበር። እኔም ጽሑፉን ለኮምፒዩተር ተርጓሚ ሰጥቼ በአማርኛ ካወጣሁት በኋላ ማረም ጀመርሁ። «ምዝገባ» በሚለው ላይ፣ «ሒሳብ» በሚለው ላይ፣ በአራት ነጥቡና በነጠላ ሰረዙ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ደከምሁ። እትዬም በስልክ ተይዘው ስለ ነበር «በሚገባ አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፣ አንድም ስሕተት የለበትም» አልሁ። ማስታወቂያውም «እስከ ዓርብ 11 ሰዓት» እያለ ወጣ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ስሕተቱን አሁን አይታችሁት ይሆናል። የፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በፊት 11 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። የእኛ 11 ሰዓት ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው። ኮምፒዩተሩ ቃሉን ተርጕሞ ቍጥሩን እንዳለ ተወው፤ እኔም ፊደሉን ሳጠራ ሰዓቱን አለፍሁት።

ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ጮኸ። አንዲት ሴት «ማስታወቂያችሁ 11 ሰዓት ይላል፤ እኛ ደርሰን በሩ ተዘግቶ ጠበቀን። ለምን ታንገላቱናላችሁ?» አለችኝ። እንግሊዝኛውን አውጥቼ ባየሁት ጊዜ ጕልበቴ ከዳኝ። «እናጣራለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት እርሱን ለመናገር ነው። ማስታወቂያውን ከፍቼ 11ን አጠፋሁና በቦታው 5ን ጻፍሁ። ሥራው አምስት ሴኮንድ አልወሰደም። ማንም አላየኝም። እትዬ ሲመለሱም አንዳች ነገር አልነገርኋቸውም። «ታርሟል፤ ከእንግዲህ ምን ቀረ?» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ የጎረቤታችን ልጅ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ወደ ቤታችን መጣች። ቀን በአንድ ልብስ መሸጫ ሱቅ እየሠራች እናቷን የምትረዳ ልጅ ናት። ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ከባለ ሱቁ ግማሽ ቀን በብዙ ልመና አስፈቅዳ ለሥልጠናው ልትመዘገብ ብትሄድ ምዝገባው ከቀትር በፊት አልቆ እንደ ቈያት ለእናቴ ነገረቻት። ስልኳንም አውጥታ አሳየች። እኔ በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ ብለውጠውም፣ ከጓደኛዋ በቴሌግራም የተላለፈላት ቅጂ «እስከ ዓርብ 11 ሰዓት» እንዳለ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ ቢታረም ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ሰው የተላለፈው ቅጂ አብሮ አይታረምምና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት አባቶቻችን ይህን በቴሌግራም ዘመን ኖረው ያዩት ይመስላል።

እናቴም ቡና እየቀዳች «እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፉት እነማን ናቸው? ለሰው አያስቡምን?» አለች። እኔ ስኒውን በእጄ እንደ ያዝሁ ዝም አልሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ በማለዳ ተነሥተው በረንዳ ላይ ሲቀመጡ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። እርሳቸው አልተቈጡኝም፤ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ስለ ራሳቸው አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው አንድ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ሲያርሙ በመልሶቹ ገጽ ላይ አንድ ቍጥር አምልጧቸው ታትሞ ወጣ። አንድ ሺሕ ቅጂ ተጠርዞ ሊላክ ሲል ስሕተቱን አዩት። ለአለቃቸው ሄደው ተናገሩ፤ ተግሣጹንም ተቀበሉ። ከዚያም በትንሽ በትንሽ ወረቀት «እርማት» የሚል ታትሞ፣ እርሳቸውና አንድ ጓደኛቸው ሌሊቱን ሙሉ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ በሙጫ ሲለጥፉ ዐደሩ።

«አባባ፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ስሌቱን በትክክል ሠርቶ መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመለት ተማሪ ያውቅ ነበር» አሉኝ። «ግን ተሳሳትሁ የሚለው ራሱን ነው እንጂ መጽሐፉን አይሆንም። እኔ የፈራሁት ይህን ነው።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። በእርግጥ እንደ አያቴ ዘመን በወረቀት ላይ የወጣ ስሕተት አብሮ ይኖራል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር በወረቀቱ ላይ ያረፈው ፊደል ዛሬም እንዳረፈ ነው፤ ማንም ሌሊት ተነሥቶ ሊለውጠው አይችልም። በኢንተርኔት የሚወጣው ጽሑፍ ግን እንደ ጠመኔ ጽሕፈት ይጠፋል፤ ይለወጣል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ትልቅም ፈተና ነው። እኔ ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ያደረግሁትን ለውጥ እርማት ብዬ ጠራሁት፤ ነገር ግን የምዝገባው ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ ለአንድም አንባቢ የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። የጠቀመው እኔን ብቻ ነው። ስለዚህ እርማት ሳይሆን መደበቅ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ለእትዬ ተናገርሁ። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «ሰዓቱን በመሳሳትህ አላዝንም፤ እኔም ሳላየው ማውጣት አልነበረብኝም። የማዝነው ዝም ብለህ በመለወጥህ ነው» አሉኝ። ወዲያው አብረን ተቀምጠን ከማስታወቂያው በላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፤ «እርማት። ይህ ማስታወቂያ መጀመሪያ ሲወጣ የምዝገባው መጨረሻ 11 ሰዓት ተብሎ በስሕተት ተገልጾ ነበር። ትክክለኛው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ለተጉላሉ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።» በቴሌግራምም ለብቻው እንዲላክ ተደረገ። ወደ ድርጅቱም ስልክ ደውለን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አስረዳን። ቦታው ስለ ሞላ ግን ሌላ ዙር እስኪከፈት መጠበቅ እንጂ ሌላ መፍትሔ አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ወደ ጎረቤታችን ቤት መሄድ ነበር። ልጅቱ በሩን ስትከፍትልኝ «ያን ማስታወቂያ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ለጥቂት ጊዜ አየችኝና «አንተ ነህ? ያን ቀን ማታ ቡና ስንጠጣ አልነበርህም?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልፈረድሁባትም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንዳንድ ጥያቄዎች ጽፌ ይዣለሁ። ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ጓደኞቼ ይጠቅማሉ ብዬ እገምታለሁ። አንደኛ፤ ሰዓቱ በማን አቈጣጠር ነው? ሁለተኛ፤ ዓመተ ምሕረቱስ? ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነውና ዝም ብሎ ሰባት መቀነስ ያሳስታል። ሦስተኛ፤ ስሙና ቍጥሩ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ተመሳክሯልን? አራተኛ፤ ርእሱ በውስጡ የሌለውን ነገር ተስፋ ይሰጣልን? አምስተኛ፤ ጽሑፉና ፎቶግራፉ የማን ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የወጣው በዚህ ምክንያት ነውና ከሌላ ሰው ገጽ አንሥቶ መለጠፍ ነውር ብቻ ሳይሆን የሚያስጠይቅም ነው። የመጨረሻውና ዋነኛው ጥያቄ ግን፤ የለወጥሁትን ነገር ለአንባቢው ነግሬዋለሁን? የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ዊኪፔድያ የሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በእርሱ ውስጥ ማንም ሰው ጽሑፍ ማረም ይችላል፤ ነገር ግን የቀድሞው ጽሑፍና የተለወጠበት ቀንና ሰዓት በታሪክ ገጹ ላይ ተመዝግቦ ለሁሉም ይታያል። ለመለማመድም የአማርኛው ክፍል ለተማሪ ሁሉ ክፍት ነው።

አባቴ መሐንዲስ እንድሆን ይመኙ ነበር። «ማረም ሥራ ነው ወይ? ሌላው የጻፈውን ማየት ምን ሙያ አለው?» ይሉኝ ነበር። እኔም ስለ ማስታወቂያው ታሪክ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ሲሰሙ ቈይተው «እንግዲያው ድልድይ የሚሠራውም አንተም ያው ናችሁ፤ ሰው አምኖ ይሻገርባችኋል» አሉ። ፈቃዳቸውን በዚህ ቃል እንደ ሰጡኝ ቈጥሬዋለሁ። ፈተናውን በመልካም ውጤት ካለፍሁ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋና ጋዜጠኝነት ለመማር አስባለሁ፤ እትዬም በመጪው ክረምት እንድመለስ ነግረውኛል፤ ቢሆንም የምሠራውን ሁሉ ሳይወጣ ራሳቸው እንደሚያዩት አስጠንቅቀውኛል።

ይህን ጽሑፍ ልፈጽም ስል አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ወር አንድ ቀን ማታ በራችን ተንኳኳ። የጎረቤታችን ልጅ ስልኳን ይዛ ቆማ ነበር። ሌላ የሥልጠና ማስታወቂያ ደርሷት ኖሮ ወደ እኔ ዘርግታ «ይህ ሰዓት በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም መልሱን ወዲያው አልሰጠኋትም። ቁጭ በዪ አልኋትና፣ በማስታወቂያው ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ቍጥር አብረን ደወልን።